ቤቱ ወህኒ ሲሆን ዘበኛው ማን ነው?

ሁለት ሾፌሮች ናቸው እንበል። ሁለቱም ከቀትር በኋላ ገሸና ላይ መኪናቸውን አቁመው፣ ከአንድ ጠጅ ቤት ገብተው፣ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው እኩል ብርሌ ያነሱ ናቸው። ሲመሽ ሁለቱም መሪ ጨብጠው የላሊበላን መንገድ ያዙ። የመጀመሪያው እያዛጋ፣ እያንጎራጎረ፣ ከጠርዝ ጠርዝ እየዋለለ ከተማ ገባ፤ መኪናውን አቆመና ተኛ። ሁለተኛው ግን ከአንዱ መታጠፊያ ላይ በጎቿን እየነዳች ወደ ቤቷ ከምትመለስ ልጅ ጋር ተገናኘ። ጠጁ አንድ ነው፤ ድፍረቱ አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። በማግስቱ ግን አንዱ ቡና እየጠጣ «ትናንት እንዴት እንደገባሁ አላውቀውም» እያለ ይስቃል፤ ሌላው እጁ በካቴና ታስሮ ወደ ወልድያ ይጫናል።

ለመሆኑ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ያቺ ልጅ በዚያች ደቂቃ እዚያ መታጠፊያ ላይ መገኘቷ እንጂ ሌላ አይደለም። እርሷን እዚያ ያደረሳት ደግሞ ሾፌሩ አይደለም፤ የበጎቹ መዘግየት ነው፣ ቀደር ነው። ከሾፌሩ የሆነው ብርሌውን ማንሳቱና መሪውን መጨበጡ ሲሆን ይህን ሁለቱም እኩል አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች ይህንኑ ጉዳይ አንስተው ተወያይተውበት ነበር፤ ከምሳሌዎቻቸውም አንዱ ልጅ የገጨ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሰው በእጁ ባልሆነ ነገር ሊወደስ ወይም ሊወገዝ ይገባዋልን? ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ያስተማሩን ዑለማእም፣ የፈሰሰ ደም ኒያ ባይኖርበት እንኳ ባለሐቅ እንዳለው አብረው አስተምረዋል። ከባዱ ነገር ሁለቱን ይዞ መገኘት ነው።

የሀገራችን ሕግ እንዴት ይዞታል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል። ተራው ቸልተኛ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ይፈረድበታል። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት፣ ሾፌርም ከእነዚሁ የሚቆጠር፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ስቶ የገደለ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ከመቀጮ ጋር ይጠብቀዋል። ወዶ የሰከረ ሰው «ሰክሬ ነበር» ብሎ አያመልጥም። እሰየው! ያልገደለውስ? በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮልን ጣሪያ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ከጣሪያው በላይ ሆኖ የተያዘ ሾፌር በአብዛኛው የሚያገኘው የገንዘብ መቀጮና በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሚያዝ የጥፋት ነጥብ ነው። ይህም የትንፋሽ መለኪያ በእጁ ያለ ትራፊክ ካጋጠመው ነው። አዲስ አበባ ላይ ያጋጥመው ይሆናል፤ በገሸናና በላሊበላ መካከል፣ በዚያ 60 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ መንገድ ላይ፣ በምሽት ማን ያጋጥመዋል?

እንግዲህ በአንድ በኩል የመቀጮ ደረሰኝ፣ በሌላ በኩል 15 ዓመት አለ። በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ ሰፊ ነው። ያ የመጀመሪያው ሾፌር፣ ያ በሰላም የገባው፣ የሚወድቀው እዚህ ክፍት ቦታ ውስጥ ነው። ስካሩን ማንም አልመዘገበውም፤ ነገም ይደግመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰው ወደ 27 የሚጠጋው በየዓመቱ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ከዚህ ውስጥ የመጠጡ ድርሻ ስንት ነው? መለኪያ በሌለበት መንገድ ላይ ስካር በስሙ አይመዘገብም፤ «ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር» ይባላል፣ «ቅድሚያ አለመስጠት» ይባላል።

በዚህ ክፍት ቦታ ላይ ሌሎች ሀገሮች ያስቀመጡት አንድ ቅጣት አለ፤ ይኸውም የቤት እስር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ ጃክ ላቭ የተባሉ ዳኛ አንድን ጥፋተኛ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ አስረው ቤቱ እንዲቀመጥ ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተስፋፋ። ሰክረው የነዱ ሰዎችም በዚህ መንገድ ከተቀጡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። ሰውየው ሥራውን አያጣም፤ ከሌባና ከነፍሰ ገዳይ ጋር አይውልም፤ መንግሥትም አይቀልበውም። ማታ ማታና በበዓል ቀን ከቤቱ ንቅንቅ አይልም፤ ቢወጣ መሣሪያው ይጮህበታል።

መቼም ሐሳቡን ገና ሲሰሙት ልብ ይማርካል። ወህኒ ቤታችን ማንን እንደሚቀጣ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የላሊበላ ሰው ወልድያ ማረሚያ ቤት ሲገባ፣ በድልብ ዳገት ወጥታ ወርዳ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተሳፍራ ስንቅ የምታመላልሰው ሚስት ናት፤ እናት ናት። የትራንስፖርቱ ገንዘብ ከልጆቹ ደብተርና ከቤቱ ጤፍ ላይ ይነሳል። አባወራው ተፈርዶበት ቤተሰቡ ይቀጣል። ታዲያ ሰው ያልገደለ፣ ንብረት ያላወደመ፣ ጠጥቶ በመንዳቱ ብቻ የተያዘ ሰው ቤቱ ቢታሰር ምን ክፋት አለው?

እኔም ክፋት አለው ለማለት አይደለም የተነሳሁት። ነገር ግን ሐሳቡን ከአልበከርኪ አንስተን ላስታ ከማስቀመጣችን በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለብን። እስር ማለት በር አይደለም፤ ጠባቂ ነው። በአሜሪካ ጠባቂው መሣሪያው ነው። የእኛስ?

መሣሪያውን በቶሎ እንለፈው። ምልክት አስተላላፊ የመብራትና የስልክ መስመር ይፈልጋል። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ማብቂያ በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ ለወራት መብራትም ስልክም ተቋርጦባት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ አዲስ ግጭት ሲቀሰቀስ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። የሰው ነፍስ በማትሰማበት ጊዜ የአንድ ሰካራም ቁርጭምጭሚት ማን ይሰማል? ደግሞም በብዙ የአሜሪካ አውራጃዎች የመሣሪያውን የቀን ኪራይ የሚከፍለው ራሱ እስረኛው ነው፤ መክፈል ያቃተው ወደ ወህኒ ይመለሳል። ድሃውን ከወህኒ ለማውጣት ተብሎ የመጣ ነገር ድሃውን መልሶ ወህኒ ያስገባዋል ማለት ነው።

የእኛም የቁም እስር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ቁም እስር በሀገራችን የመኳንንት ዕጣ ነበረ። የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆች በወሎ ምድር በግሸን አምባ ላይ ይቀመጡ እንደነበር ይታወቃል። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከተሻሩና በ1913 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ በፍቼ፣ በራስ ካሣ ኃይሉ ጥበቃ ሥር ከ10 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ግብርና አጃቢ ነበራቸው እንጂ በሰንሰለት ጨለማ ቤት አልተጣሉም፤ ወደ ጋራ ሙለታ የተወሰዱት በ1924 ዓ.ም. አምልጠው ከተያዙ በኋላ ነው። ተራው ሰው ግን ያኔም ወህኒ ነበረ የሚወርደው። ዛሬም የቤት እስር በሕግ ቢፈቀድ፣ ባለ ቪላው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን እያየ «ሲታሰር»፣ ላሊበላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከሦስት ልጆች ጋር የሚኖረው የባጃጅ ሾፌር ምን ይሆናል? አንዱ ዕረፍት ወጣ፤ ሌላው ከነቤተሰቡ ታሰረ። ፍርዱ በወረቀት ላይ እኩል ነው።

እዚህ ላይ ኢብኑል ቀይዪም አል-ጀውዚያን ማንሳት ግድ ይላል። እኚህ እ.ኤ.አ. በ1350 ያረፉ የደማስቆ ዓሊም «አጥ-ጡሩቅ አል-ሑክሚያ» በተባለው ኪታባቸው ስለ ሐብስ፣ ማለትም ስለ እስር፣ የጻፉት ነገር ለዛሬው ጉዳያችን የተጻፈ ይመስላል። በሸሪዓ እስር ማለት በጠባብ ስፍራ መዝጋት ማለት አይደለም ይላሉ። ሰውየው እንዳሻው እንዳይሄድና እንዳያደርግ መከልከል ነው፤ ይህም በቤት ሊሆን ይችላል፣ በመስጊድ ሊሆን ይችላል፣ ባለሐቁ ራሱ ወይም ወኪሉ ከተከሳሹ ሳይለይ እየተከተለው ሊሆን ይችላል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እና በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን ለእስር ተብሎ የተሠራ ቤት አልነበረም። በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ሕዝቡ ሲበዛ መካ ላይ የአንድ ሰው መኖሪያ ቤት ተገዝቶ ወህኒ ሆነ። እኛ ወህኒውን ወደ ቤት እንመልስ ስንል፣ እነርሱ ቤቱን ወደ ወህኒ ቀይረው ነበር ማለት ነው።

ባለሐቁ ከተከሳሹ ሳይለይ መከተሉ ለሐበሻ ሰው እንግዳ ነውን? በፍጹም! የእኛ አባቶች ቁራኛ ይሉት ነበር። ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ነገራቸው እስኪቋጭ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ አብረው እየሄዱ፣ አብረው እየበሉ ይሰነብቱ ነበር። ሥርዓቱ ቀርቶ ቃሉ አልቀረም፤ ሰው ታሞ ከተኛበት ካልተነሳ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። የደማስቆው ዓሊምና የላስታው ዳኛ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ ተገናኝተዋል፤ ታሳሪ ብቻውን አይታሰርም፣ አብሮት የሚታሰር አለ።

በአባቶቻችን ሥርዓት አብሮ የሚታሰረው ባለሐቁ ነበር። ነገሩ እንዲያልቅለት የሚፈልግ፣ ዓይኑን የማይነቅል፣ በጉቦ የማይታለል ጠባቂ ነው። በቤት እስር ግን ሰውየውን ከማን ጋር እንቋጥረዋለን? በር ዘግታ የምትውለው ሚስቱ ናት። «የት ትሄዳለህ?» ብላ የምትጠይቀው እርሷ ናት። ወጥቶ ጠጥቶ ሲመለስ ለፖሊስ ብትናገር ቤቷን አፈረሰች፤ ብትደብቅ ተባባሪ ሆነች። ሰክሮ የሚመታት ሰው ከሆነ ደግሞ ዳኛው ከዱላው ጋር ቆልፎባታል። ቁርኣን በኒሳእ ምዕራፍ መጀመሪያ አካባቢ ዝሙት የተመሰከረባቸውን ሴቶች በቤት ማቆየትን ደንግጎ፣ አላህ ሌላ መንገድ እስኪያበጅ ድረስ የሚል ገደብ እንዳስቀመጠለት፣ ሌላው መንገድም በኑር ምዕራፍ እንደመጣ ዑለማእ ያስረዳሉ። እኔ ከዚህ የምወስደው የቤት እስር ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ጊዜያዊ ሆኖ እንደተሰጠም ነው። የእኛው የቤት እስር ደግሞ ወንዱን አሰርኩ እያለ ሴቲቱን እንዳያስር ያስፈራል።

የላስታን ቤት ለሚያውቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ላሊበላ ላይ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ስንት ናት! ጋኑ የሚቀመጠው እዚያው ሰውየው በሚታሰርበት ክፍል ነው። ጌሾና ብቅሉ እዚያው ይታሻል። ጠጪው እዚያው መጥቶ ይቀመጣል። ሰካራምን ከመጠጥ ለማራቅ ብለን ከጋኑ ጋር ዘጋንበት ማለት ነው! የእርሱ ቤት ጠላ ቤት ባይሆን እንኳ ጎረቤቱ አለ። ሐበሻ ደግሞ እስረኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይሄድም። «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ያጋጥመዋል» እያለ፣ አንዱ በጠርሙስ አረቄ፣ አንዱ በቆርቆሮ ጠላ ይዞ ይመጣል። ሳምንት ሳይሞላ የቤት እስሩ ድግስ ይመስላል።

እስካሁን ያወራሁት በሰላም ስለገባው ሾፌር ነው። ወደዚያኛው፣ ልጅቷን ወደገደለው እንለፍ። አንዳንዶች ለእርሱም ቢሆን የቤት እስር ይበቃል ይላሉ፤ ሆነ ብሎ አልገደለም፣ ጸጸቱ ራሱ ይቀጣዋል ባዮች ናቸው። በዚህ አልስማማም። ምክንያቴም የጭካኔ አይደለም።

በወሎ ገጠር ደም ሲፈስ የሚደረገውን የሚያውቅ ሰው ምክንያቴ ይገባዋል። ገዳይ አስቀድሞ ከሟች ወገን ዓይን ይርቃል፤ ቀዬውን ለቆ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የሚላከው። አበጋሮች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚያከብሩላቸው እነዚያ የወሎ አስታራቂዎች፣ በሁለቱ ወገን መካከል እየተመላለሱ ካሣውን ይቆርጣሉ፤ ደሙን ያደርቃሉ። መራቁ የቅጣት ያህል የምሕረት በር ነው፤ የሟች ወንድም ገዳዩን በየጠዋቱ እያየ ልቡ ሊበርድ አይችልምና። የቤት እስር ግን ይህን ገልብጦ ገዳዩን በቀዬው ያስቀምጠዋል። የልጅቷ እናት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ በደጁ ታልፋለች፤ እርሱ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው በላስታ ሁለተኛ ደም እንዲፈስ መንገድ ጠርጓል። ከተማ ውስጥ፣ ገዳይና ሟች በማይተዋወቁበት፣ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሀገሩ በሙሉ ግን ከተማ አይደለም።

ሸሪዓም በስሕተት ለተገደለ ሰው ወህኒን አላስቀደመም፤ ያስቀደመው ሐቁን ነው። በዚያው በኒሳእ ምዕራፍ እንደተደነገገው፣ ለሟች ቤተሰብ ዲያ ይከፈላል፣ እነርሱ ይቅር ካላሉ በስተቀር። ባሪያ ነፃ ማውጣት የማይቻለው ሰው ደግሞ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ዲያው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን 100 ግመል ነበረ፤ የሚከፍሉትም የገዳዩ ወገኖች ተባብረው ነው። (ወዶ የሰከረ ሰው ግድያ ከስሕተት ይቆጠራል ወይስ ከዚያ ይከብዳል በሚለው ላይ ፉቀሃእ ተለያይተዋል፤ አብዛኞቹ ስካሩን ማምለጫ አላደረጉለትም።) አሁን ይህን ከእኛ ሀገር ካሣ ጋር አነጻጽሩት። የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞተ ሰው የወሰነው ካሣ ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ነበር። 40 ሺህ ብር! በዚህ ገንዘብ ስንት ግመል ይገዛል? ያኔ ሾፌሩ 15 ዓመት ቢታሰርም የልጅቷ ቤተሰብ እጅ የሚገባው ይኸው ነበር። ስለ እስሩ ዓይነት ስንከራከር የሟችን ወገን ረስተነው እንደነበር አታዩምን?

ውድ አንባቢያን! «እኛ አንጠጣም፤ የሰካራም ወግ ለምን በዚህ ገጽ ላይ ይነሳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ብዙ ነው። የላስታ ሙስሊም ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ነጋዴ ነው፤ በገበያ ቀን የሚሳፈረው ከማንኛውም ሰው ጋር በአንድ መኪና ነው፣ ሾፌሩ ምን እንደጠጣ ሳያውቅ። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ያማል። ሌሊቱን ሙሉ ጫት ቅሞ፣ በምርቃና ሁለት ቀን ሳይተኛ ደሴና ወልድያን የሚያቋርጥ ሾፌር ከእኛ ሠፈር የለምን? ጠዋት ደግሞ ምርቃናውን ለማብረድ «ጨብሲ» ብሎ ቢራ ቤት ጎራ የሚል፣ ስሙ አሕመድ ወይም ሰዒድ የሆነ አናውቅምን? የትንፋሽ መለኪያ ጫትን አይለካም፤ እንቅልፍ ማጣትን አይለካም። (የጭነት አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃኢዳ» ብሎ ስም ሲያወጣለት እኛም አብረን ሳቅን። መኪናውን ገዳይ ያደረገው ግን አረቄው፣ እንቅልፍ ማጣቱና «ዛሬ ማታ ካልደረስክ ነገ ሌላ ሾፌር አለ» የሚለው ባለንብረት ነው።)

ሰካራምን ስለ መቅጣት ስናወራ መዘንጋት የሌለብን ሌላም ነገር አለ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት የሚዳኙት ጋብቻን፣ ውርስንና የመሳሰሉትን ነው፤ የመጠጥ ቅጣት የእነርሱ ሥልጣን አይደለም። ከሱና የምንማረው ግን አለ። ለመጠጡ ተመትቶ የተለቀቀን ሰው አንዱ ሲራገምበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉ፤ በወንድማችሁ ላይ ሸይጣንን አታግዙ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናገሩ። ቅጣቱ ተፈጸመ፣ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ወንድም ነው። ወህኒያችን ከዚህ በጣም ይርቃል። ቅጣቱ ካለቀ በኋላም «እስረኛ የነበረው» ይባላል እስከ ዕድሜ ልኩ። የቤት እስርን እንድወድ ከሚያደርጉኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ሰውየውን ከወንድሞቹ አይነጥለውም።

ስለዚህ ፍርዴ ለሁለቱ ሾፌሮች ይለያያል። ልጅቷን የገደለው ይራቅ፤ ይታሰር፤ ወገኖቹ ከመድኑ በላይ የሆነ እውነተኛ ካሣ ይክፈሉ፤ ሽማግሌና አበጋር ሥራቸውን ይሥሩ፤ ዳኛውም እርቁን በቅጣቱ ልክ ላይ ይቁጠርለት። ዕድል ለየቻቸው ያልኩትን አልረሳሁም። ጠጥቶ መሪ የጨበጠ ሰው ግን ዕድሉን ራሱ አውጥቶ በመንገድ ላይ አስይዟል፤ የተበላው እርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር።

በሰላም የገባው ደግሞ፣ የተያዘ ዕለት፣ ደረሰኝ ብቻ ተቀብሎ አይሂድ። ለዚህም አዲስ መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት አያሻም። የወንጀል ሕጋችን ነፃነትን በመገደብ የሚፈጸም የግዴታ ሥራን ያውቃል፤ ጥፋተኛው ከተወሰነ ቦታ ሳይለቅ በቁጥጥር ሥር ሠርቶ እንዲውል ማዘዝ ይቻላል። ዳኛ ሰውን ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ሊከለክል፣ በተወሰነ አካባቢ ኑር ሊለው ይችላል። እነዚህን አንቀጾች አቧራቸውን አራግፎ ለመንገድ ማዋል ነው። ለላሊበላ ሾፌር ሙሉ ቀን ቤት መዋል አያስፈልግም፤ ሥራ ፈትቶ የዋለ ሰው ይብሳል። ጨለማ ሲሆን ቤቱ ይግባ። ቅዳሜ፣ የከተማዋ ገበያ ቀን፣ ጠላ ቤቱ ሁሉ የሚሞላበት ቀን፣ ከቤቱ አይውጣ። በገና ሰሞን፣ ከየአቅጣጫው በእግሩ የሚመጣ ምዕመን ዋዜማውን መንገድ ላይ በሚያድርበት ጊዜ፣ መሪ እንዳይነካ። ቀን ቀን ደግሞ ያንኑ መንገድ ይጠግን፤ መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ይኮልኩል።

ቁራኛውስ? ሚስቱ እንዳትሆን ብያለሁ። በአባቶቻችን ሥርዓት ቁራኛው ከነገሩ ጥቅም ያለው ሰው ነበር። የባጃጅ ሾፌር ከሆነ ማኅበሩ ዋስ ይሁን፤ ሰውየው በእገዳው ቀን ጠጥቶ ቢነዳ የማኅበሩ ተራ ይታገድ። የጭነት መኪና ሾፌር ከሆነ ባለንብረቱ ዋስ ይሁን፤ «ካልደረስክ» ያለው እርሱ ነውና። ታርጋው ይፈታ፤ መኪናው ከሾፌሩ ጋር ይታሰር። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ማታ ማታ ስልክ እየደወለ «ቤት ነህ ወይ?» ማለት ይጀምራል፤ የትኛውም የቁርጭምጭሚት መሣሪያ እንደዚያ አይጠብቅም።

የቀረችኝ ያቺ ጠላ ጠማቂዋ ሚስት ናት። ዳኛው ፊት ቆማ፣ ባሏ ቤቷ ሊታሰር ሲሆን፣ ጋኑ አንድ ክፍል ውስጥ መሆኑን የምትናገረው። «ጋንሽን አውጪ» ቢላት ልጆቿን አስራበ። «እንግዲያው ወልድያ ይሂድ» ቢላት ስንቅ አመላላሽ አደረጋት። ለእርሷ የሚሆን አንቀጽ ሕጉ ውስጥ አላየሁም። እኔ ዳኛ ብሆን ማታ ማታ ሰውየው የሚያድርበትን ቤት እንዲያቀርብ የማዘው ያንኑ ዋስ የሆነውን ባለንብረት ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ የያዘ ሰው አንድ አልጋ አያጣም።